አልፈሻል፣ ግን አልገባሽም

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ የሰሚራ ውጤት መጣ። መጣ የምንለው ልማድ ሆኖብን ነው እንጂ የዛሬ ውጤት ከየትም አይመጣም፤ ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሰሚራ ከጠዋት ጀምሮ የመፈተኛ ቁጥሯን ስታስገባ፣ ኔትወርኩ ሲመልሳት፣ እንደገና ስታስገባ ቆይታ ስድስት ሰዓት ግድም ተከፈተላት። አየችው። ስልኩን በግንባሩ ደፍታ ሶፋው ላይ አስቀመጠችና ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች።

ከግማሽ በታች ነበር። አስር ሰዓት ሳይሞላ የእህቴ የራህመት ቤት በሰው ተሞላ። ለቅሶ ቤት እንዳይባል የሞተ የለም፤ ደስታም አይደለም። የሰሚራ ታላቅ ወንድም ከኮምቦልቻ ደውሎ፣ ለሪሚዲያል የሚበቃ መሆን አለመሆኑ እስኪታወቅ ጊዜ አታጥፉ፣ የግል ኮሌጅ አስመዝግቧት ይላል። ጎረቤቷ አንድ ዓመት ቤት ተቀምጣ በግሏ ትፈተን ትላለች። አባቷ ቴክኒክና ሙያ ይሻላል ባይ ነው። አንዱ ደግሞ ርቀት ትምህርት እየተማረች ሱቅ ብትሠራስ አለ። ሁሉም የሚናገረው ነገሩን አብጠርጥሮ እንደሚያውቅ ሰው ነው። ልጅቷ ያለችበት ክፍል በር ዝግ ነው።

እህቴ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝና፣ "ፋጡማ፣ ግቢና ምከሪያት እስቲ" አለችኝ። "አንቺ ያለፍሽበት ነው።"

ያለፍሽበት። ማለፍ የሚለውን ቃል ስሰማ፣ ይኸው በዚህ ዕድሜዬም፣ መጀመሪያ የሚሰማኝ ግራ መጋባት ነው። ለምን እንደሆነ ለእህቴም አጫውቻት አላውቅም፤ እሷ ያኔ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች።

በእኛ ጊዜ ፈተናው ማትሪክ ይባል ነበር፤ ውጤቱም የሚመጣው በአውቶቡስ ነው። ከደሴ የገባው ሾፌር አንድ ቡናማ ፖስታ ለትምህርት ቤቱ ካስረከበ፣ ወሬው ከፖስታው ቀድሞ መካነ ሰላምን ያዳርሳል። መስከረም ገና መግባቱ ነበር። ጭቃው ከላይ ደርቆ ከሥሩ ግን እርጥብ ነው፤ የረገጠውን ሰው ጫማ ይዞ ያስቀራል። ገበያው ዳር ሴቶች የባቄላ እሸት በእቅፍ በእቅፍ ዘርግተው ይሸጡ ነበር። ያን ቀን ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አንዷ እፍኝ እሸት ሰጠችኝ። አንዱን ፍሬ ፈልፍዬ አፌ ውስጥ ከተትኩት፤ ማኘክ ግን አልቻልኩም። እንደያዝኩት ደረስኩ።

አባቴ ሰይድ ልብስ ሰፊ ነበር። ከገበያው ፊት ለፊት ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አስቀምጦ፣ የመካነ ሰላምን ወንድ ግማሹን ሱሪ ያለበሰ እሱ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን የለበትም። ከልጅነቴ ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ እረዳው ነበር። እሱ ይለካል፣ እኔ ቁጥሩን እይዝለታለሁ፤ እሱ ጨርቁን ይዘረጋል፣ እኔ በጠመኔ አሰምርለታለሁ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ በሳይንስ ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ፣ ሱሪ ሊለካ የመጣ ሁሉ በረንዳው ላይ አንድ ነገር ሳይሰማ አይሄድም ነበር፤ "ይቺ ሐኪም ትሆናለች።" ደንበኞቹም ስሜን ትተው ሐኪሟ ይሉኝ ጀመር። እኔ ሐኪም እሆናለሁ ብዬ አላውቅም። አልሆንም ብዬም አላውቅም።

ውጤቱን የሚያድለው የሒሳብ መምህራችን ቲቸር ምስጋናው ነበር። ቢሮው ውስጥ አንድ በአንድ እያስገባ፣ ብጣሽ ወረቀቷን እየሰጠ ያሰናብታል። ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ወረቀቷን ለራሱ አንድ ጊዜ አነበበና አቀበለኝ። ሁለት ነጥብ ሁለት ትላለች።

"አልፈሻል" አለኝ።

እንደዚያች ቅጽበት ተደስቼ አላውቅም። ቅጽበት ነበረች።

"ግን አልገባሽም።"

"ምኑ ነው ያልገባኝ ቲቸር?"

እሱም ለአፍታ ግራ ተጋብቶ አየኝ። ከዚያ የተናገረው ለራሱ ገባው፤ አልሳቀም። "ዩኒቨርሲቲ ማለቴ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ሁለት ነጥብ ያመጣ አልፏል ይባላል፤ ሰርተፍኬቱን ያገኛል። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ነጥብ ግን ከዚህ ከፍ ይላል።"

"እና ወድቄያለሁ?"

"አልወደቅሽም። አልፈሻል እያልኩሽ።"

"እና የት ነው የምሄደው?"

ይሄን የሚመልስ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። "አብሽሪ" አለኝ። እሱ ክርስቲያን ነው፤ ግን በእኛ አገር አብሽር የማይል የለም። "ቀስ ብለን እንመክርበታለን። አሁን ሂጂ፣ ቀጣዩን ጥሪልኝ።"

በሩ ላይ ጓደኛዬ ወርቄ ቆማ ነበር። ከእኔ በፊት ገብታ ወጥታለች፤ የእሷ ሁለት ነጥብ ዜሮ ነው። ነጠላዋን እያጣፋች፣ "እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ነው የምገባው" አለችኝ። ውጤቷን ካወቀች አሥር ደቂቃ አልሞላትም። እንዴት እንዲህ በፍጥነት አወቀች ብዬ ቀናሁባት። አንዳንድ ሰው ሲፈጠር መንገዱን አውቆ ይፈጠራል መሰለኝ፤ እኔን ደግሞ አላህ ሲፈጥረኝ ይሄን ነገር ረስቶታል።

በረንዳው ስደርስ አባቴ ሐጂ ይማምን ኮት እየለካቸው ነበር። ሐጂ ይማም የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ትልቅ ሰው፣ ድምፃቸውም ትልቅ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ አባቴ ሜትሩን ከትከሻ እስከ አንጓቸው ዘርግቶ ይዟል። አግዳሚው ላይ ሦስት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"አለፍሽ?" አለ አባቴ።

"አልፌያለሁ" አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ወረቀቷን ለየትኛውም ዳኛ ባቀርብ ይፈርድልኛል። ሆኖም ከአፌ ሲወጣ ውሸት መሆኑን አወቅሁ፤ ምክንያቱም አባቴ የጠየቀኝ ሌላ፣ የመለስኩት ሌላ ነው። ሜትሩ ከእጁ ወደቀ። "አልሐምዱሊላህ" አለና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሐጂ ይማም እጃቸውን እንደዘረጉ፣ "ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" ይላሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። አባቴ ለዓርብ ዱዓ ጠራ። እናቴ ስንዴ አስፈጨች፤ ከአክስቴ ዘንድ ምንጣፍ መጣ። ሁለት ጊዜ ልናገር ሞክሬ ነበር። አንዴ እናቴን፣ "እማ፣ ውጤቱ እኮ ትንሽ ነው" አልኳት። "ትንሽም ቢሆን ከአላህ ነው፤ አታማርሪ" ብላ ወንፊቱን አቀበለችኝ። ሌላ ቀን አባቴን ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ተከተልኩት፤ መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ መርሐባ እያለ እጁን ሲጨብጠው፣ እሱም ወገቡን ቀና አድርጎ ሲራመድ ሳይ ተመለስኩ። አባቴ ከመኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ የኖረ ሰው ነው። እንዲህ ቀና ሲል አይቼው አላውቅም ነበር።

ዓርብ ከጁምዓ መልስ ቤታችን ሞላ። በእኛ ሰፈር ዱዓ ሲደረግ እስላምም ክርስቲያንም ይመጣል፤ ጎረቤታችን እማማ ዘነበች ድፎ ዳቦ ጋግረው አምጥተው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። እኔ የእጅ መታጠቢያ ውሃ ይዤ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜያለሁ። ሸሁ እጃቸውን ዘርግተው፣ "ያረብ፣ ይቺን ልጅ ለወገን የምትደርስ ሐኪም አድርጋት" አሉ። "አሚን" አለ ቤቱ በሙሉ። አባቴ በአክብሮት ጠርቶት ስለነበር ቲቸር ምስጋናውም ከሽማግሌዎቹ መሐል ተቀምጦ አሚን ብሏል።

ቲቸር ምስጋናው ክፉ ሰው አይደለም። አባቴ ሁሉን ያውቃል ብሎ ነው። ዱዓው አልቆ ሰው ወደ ጨዋታ ሲመለስ ወደ አባቴ ዘንበል ብሎ፣ "አብሽሩ ጋሽ ሰይድ፣ ዩኒቨርሲቲ ባይሆንም መንገዱ ብዙ ነው" አለው።

"ባይሆንም?" አለ አባቴ።

የቤቱ ጨዋታ ቀስ በቀስ ጠፋ። ቲቸር ምስጋናው ወደ መጋረጃው አየ፤ እኔን ይፈልጋል። መመለሻ እንደሌለው ሲያውቅ እንደ ክፍል ውስጥ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ አስረዳ። አልፋለች፣ ግን አልገባችም።

"ቆይ እስቲ" አሉ ሐጂ ይማም። "አልፋለች ወይስ አላለፈችም?"

"አልፋለች ሐጂ።"

"ካለፈች ገብታለቻ።"

"አይ፣ ማለፍና መግባት ይለያያል።"

"ጅዳ ደርሳ መካ አልገባችም እያሉን ነው?"

ቲቸር ምስጋናው አሰበና፣ "እንዲያ ነው" አለ።

አንዱ ታዲያ ዱዓው ይቆጠራል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሌላው የአጎቴ ልጅ በዚሁ ነጥብ ገብቷል አለ፤ ሌላው ያ ዱሮ ነው አለው። እማማ ዘነበች፣ "ልጅቷ ካለፈች አልፋለች፤ ምን ያከራክራል?" ሲሉ ሰማሁ። እኔ የውሃውን ማንቆርቆሪያ እንደያዝኩ፣ ስለ እኔ በሚደረገው ክርክር ውስጥ ለየትኛው ወገን እንደምቆም አላውቅም ነበር። ሁለቱም ትክክል ይመስሉኛል።

በመጨረሻ አባቴ ተነሣ። "ወገኖቼ" አለ፣ "ዱዓው ተደርጓል። አላህ የቱን እንደሚሰጣት ያውቃል። ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ።" ከዚያ ራሱ ትሪውን አነሣና ከሸሁ ጀምሮ አስተናገደ።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ምንጣፉን ስጠቀልል መጥቶ አጠገቤ ቆመ። "ለምን አልነገርሽኝም?" አለኝ።

ብዙ ነገር ልል ይገባኝ ነበር። የመጣልኝ ግን ይሄ ብቻ ነው፤ "ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ነበር።"

ትንሽ አየኝ። "እጃቸውን አስወርዳቸው ነበር፣ ልጄ" አለና የምንጣፉን ሌላ ጫፍ ያዘልኝ።

ከዚያ የምክሩ ወራት መጣ። ወራት ማለቴ ሦስት ሳምንት ነው፤ ለእኔ ግን ክረምቱን ሁሉ ያህል ረዝሞ ነበር። በረንዳው የምክር ቤት ሆነ። ሐጂ ይማም ዓመት ትቀመጥና ድጋሚ ትፈተን ይላሉ፤ "ጅዳ የደረሰ ሰው አይመለስም።" ቲቸር ምስጋናው መምህርነት ይላል። ከደሴ የመጣ አንድ ጨርቅ ነጋዴ፣ አሁን ያለው ነገር የግል ኮሌጅ ነው፣ ሴክሬታሪ ሆና ቢሮ ትገባለች ይላል። የእናቴ ወንድም ከወረኢሉ ሰው ልኮ፣ ለጥሩ ቤተሰብ የሚሆን ልጅ አለ፣ ትምህርቱ ይደርሳል ብሏል። አንዲት የሩቅ ዘመዳችን ደግሞ ዐረብ አገር ያለች ልጇን ፎቶ አምጥታ አሳየችን። አባቴ ሁሉንም እየሰፋ ይሰማል። ማታ እራት ላይ የቀኑን ምክር ለእናቴ ይነግራታል፤ በነጋታው ሌላ ይዞ ይመጣል። እኔም እንደሱ ነበርኩ። ሰኞ አስተማሪ ሆኜ አድራለሁ፣ ማክሰኞ ሴክሬታሪ። ረቡዕ ደግሞ ደብተሮቼን አውጥቼ ለድጋሚ ፈተና ፊዚክስ እጀምራለሁ፤ ሐሙስ እዘጋዋለሁ።

ወርቄ በዚህ መሐል ከወረዳ የድጋፍ ደብዳቤዋን አጽፋ፣ ሻንጣዋን ይዛ ደሴ ሄደች።

አንድ ቀን አባቴ መቀሱን አስቀመጠና፣ "ሄደን እንየው" አለኝ። "ያላዩትን ጨርቅ አይቆርጡም።"

አውቶቡሱ ከመካነ ሰላም ንጋት ላይ ይነሣል። እናቴ የገብስ ቂጣና ቆሎ ቋጥራልን ነበር። ከአቀስታ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይወጣል፤ ጉጉፍቱ ሲደረስ ጉሙ መስኮቱ ድረስ መጥቶ ይለጠፋል፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። አባቴ ጋቢውን ለሁለታችን አለበሰና ስለ ጨርቅ አወራኝ፤ የትኛው ሱፍ ሲታጠብ እንደሚሰበሰብ፣ የትኛው እንደማይሰበሰብ። ስለሄድንበት ጉዳይ ምንም አልተነጋገርንም። ደሴ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው፤ ዘመድ ቤት አደርን።

በማግሥቱ መጀመሪያ የሄድነው ወደ ማሠልጠኛው ነበር። ጸሐፊው ወረቀቴን አየና፣ "ነጥቡ ይበቃል፤ ግን ከወረዳችሁ ደብዳቤ ያስፈልጋል" አለን። ደብዳቤ መካነ ሰላም ነው ያለው። ሄደን ለመመለስ ስንት ቀን እንዳለን ስንጠይቀው፣ "የእናንተ ወረዳ ኮታ ሳይሞላ አይቀርም፤ ግን ሞክሩ" አለ። ሞክሩ የሚለው ቃልም እንደ ማለፍ ነው፤ ይሆናል ማለትም ነው፣ አይሆንም ማለትም ነው።

ከዚያ የግል ኮሌጁ ጋ ሄድን። ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በላይ፣ ፎቅ ላይ ነው። የተቀበለችን ሴት ንግግሯ ማር ነው፤ የሚሰጡትን ትምህርት ሁሉ በጣቷ እየቆጠረች ዘረዘረችልን። አባቴ በትሕትና ሰምቶ ሲጨርስ፣ "መንግሥት ያውቀዋል?" አላት።

"ዕውቅናው በሂደት ላይ ነው አባቴ።"

ደረጃውን ስንወርድ አባቴ በሐሳብ እንደተዋጠ ነበር። "እኔ ለደንበኛ 'ሱሪህ በሂደት ላይ ነው' ስለው" አለኝ፣ "ገና ጨርቁን አልቆረጥኩትም ማለቴ ነው።"

ከመናኸሪያው በላይ ካለ ሻይ ቤት ገብተን ሻይና ፓስቲ አዘዝን። አባቴ፣ "ታዲያ ምን ይሻላል?" አለኝ። እንባዬ መጣ። የመረጥኩት ነገር ስለሌለ የማለቅስለት ነገርም አልነበረኝም፤ ግን አለቀስኩ። የጋቢውን ጫፍ ሰጠኝና ወደ ጎዳናው ዞሮ ተቀመጠ።

ከሻይ ቤቱ ወጥተን ወደ ዘመዳችን ቤት ስንመለስ ዝናቡ ያዘን። የደሴ የመስከረም ዝናብ ሲመጣ አያስጠነቅቅም፤ በረዶም ቀላቅሎ ነበር። ሮጠን አንድ ግቢ ገባንና ከረጅም ቤት ጣሪያ ሥር ተጠለልን። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነበር። በመስኮቱ ወደ ውስጥ ሳይ ትላልቅ ዘንበል ያሉ ጠረጴዛዎች፣ በላያቸውም የተወጠሩ ነጫጭ ወረቀቶች አሉ። ግራጫ ካፖርት የለበሰ መምህር በሩን ከፍቶ፣ "ግቡ አባቴ፣ ትበሰብሳላችሁ" አለን።

አባቴ ውሃውን ከጋቢው ላይ አራግፎ ገባና ከአንደኛው ጠረጴዛ ፊት ቆመ። ወረቀቱ ላይ የተሰመረውን ብዙ አየ። "ይሄ የምን ቅድ ነው?" አለ።

መምህሩ ፈገግ አለ። "የቤት ነው። ቤቱን መሐሉ ላይ ብንቆርጠው ውስጡ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ።"

"ገበሩን ማለትዎ ነው።"

"እንዲያ ነው፣ ገበሩን።"

እኔ ከአባቴ ትከሻ ኋላ ሆኜ እያየሁ ነበር። መምህሩ ዝናቡ እስኪያባራ ሊያጫውተን ብሎ ይመስለኛል፣ አንድ የተቆራረጠ መስመር በእርሳሱ ጫፍ እየነካ፣ "ይሄ ለምን እንዲህ የተቆራረጠ ይመስልሻል?" አለኝ።

"የማይታይ ስለሆነ ይሆን? ከኋላ ያለ።"

"ማን ነገረሽ?"

"አባ ከሥር የሚገባውን ጨርቅ እንዲህ ነው የሚያሰምረው።"

መምህሩ አባቴን አየው፤ አባቴ ወረቀቱን አየ። መምህሩ ለምን እንደመጣን ጠየቀን፤ አባቴ ከጅዳው ጀምሮ ሁሉን ነገረው። መምህሩ ወረቀቴን ተቀብሎ አነበበ። የድራፍቲንግ ትምህርት ነው፤ የሕንፃ ንድፍ መሣል ማለት ነው። ነጥቤ እንደሚበቃ፣ ክፍት ቦታ እንዳለ፣ ምዝገባው ግን ያን ዕለት አስራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ ነገረን። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ከአባቴ ጋር ቆምን። በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድባል። በዚያች አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የሦስቱ ሳምንት ምክር ሁሉ ተመልሶ መጣብኝ። ዓመት ብቀመጥ ብገባስ? ሐኪም ብሆንስ? ወረቀት ላይ መስመር ስስል ብኖርስ? ሐጂ ይማም ሲጠይቁ ምን ይባላሉ?

"ሰው ምን ይላል አባ?" አልኩት። "ሐኪም ብለሃቸው።"

"ሐኪም ያልኩት እኔ ነኝ" አለ። "አንቺ ብለሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"አንድ ቀንም ጠይቄሽ አላውቅም።" ይሄን ያለው ለእኔ አይመስልም ነበር። "ለሰው መንገሩን ለእኔ ተይው። ሰው እኔ በረንዳ ላይ ነው የሚመጣው። አንቺ ስለ ወረቀቱ ብቻ አስቢ።"

ተመዘገብኩ። አውቄ መረጥኩ ብል ውሸት ነው። ስሜን ጽፌ ቅጹን ስመልስ መልሼ ልቀበለው ዳዳኝ። በማግሥቱ ዕቃዬን ላመጣ ስንመለስ ጉጉፍቱ ላይ እንደገና አለቀስኩ። አውቶቡሱ ቆሞ ሴቶች ቅቅል ድንች በአዋዜ ይሸጡ ነበር፤ አባቴ ገዝቶ አመጣልኝ። "ባልሆነልኝስ?" አልኩት። ድንቹን እየላጠ፣ "እንጃ" አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም፤ ሌላ ቢጨምር ኖሮ አላምነውም ነበር።

ቃሉን ግን ጠበቀ። እኔ ደሴ ስማር እሱ በረንዳው ላይ ለጠየቀው ሁሉ፣ "የቤት ቅድ ነው የምትማረው" ይል ነበር አሉ። ሐጂ ይማም መሐንዲስ ትሆናለች ወይ ሲሉት፣ "አይደለም፤ መሐንዲሱ ያሰበውን የምትስል ናት" ብሎ፣ ሐጂ እስኪገባቸው ድረስ በጠመኔ በራሳቸው ኮት ላይ አሳያቸው።

ኑሮ እንደ ተረት አልሆነልኝም። ሁለት ዓመት ተምሬ ደሴ ሥራ ያዝኩ፤ ወደድኩት። እጄ በደንብ ሲበረታ ኮምፒውተር መጣና በእጅ መሣል ቀረ። ልጅ አዝዬ ከልጆች ጋር እንደገና ተማርኩ፤ ያኔም ሳልወስን ሁለት ወር አባከንኩ። አሁን መካነ ሰላም ማዘጋጃ ቤት የቤት ፕላን እሠራለሁ። እናቴን ሆስፒታል ስወስዳት፣ ነጭ ካፖርት የለበሰች ሴት ሐኪም ስትመረምራት፣ አንድ ነገር ያቃጥለኛል። ዓመት ብቀመጥ ኖሮ እላለሁ። መልሱን ግን ማንም አያውቀውም፤ አባቴም ሳያውቀው ነው የሞተው፣ አላህ ይማረው።

ወርቄን ከዓመታት በኋላ አገኘኋት። ከላላ አካባቢ በበቅሎ በሚኬድበት ቀበሌ ስታስተምር ቆይታ ወደ ከተማ ተዛውራ ነው። ያን ቀን በሩ ላይ እንዴት እንደቀናሁባት ነገርኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። "እኔ እኮ እንደዚያ ያልኩት ሰው እንዳይጠይቀኝ ነው" አለችኝ። "አንድ ነገር ቶሎ ካልሽ ዝም ይሉሻል። ደሴ እስክደርስ አውቶቡስ ውስጥ ሳለቅስ ነው የሄድኩት።" ለካ በዚያው መንገድ፣ በጥቂት ቀናት ልዩነት፣ ሁለታችንም አልቅሰናል።

ይሄን ሁሉ እያሰብኩ ነው የሰሚራን በር ያንኳኳሁት። ሳሎኑ ውስጥ አሁንም ስለ እሷ ይከራከራሉ፤ ወንድሟ በስልክ ድምፁ ከፍ ብሏል። ሰሚራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ ወይም ጨርሳለች።

እህቴ የላከችኝ ለምክር ነበር። ከጓዳ እስከዚያ በር ድረስ አንዳንድ ምክር አዘጋጅቼ ነበር፤ ቴክኒክ ጥሩ ነው፣ ሪሚዲያሉ እስኪታወቅ ጠብቂ፣ የግል ኮሌጅ ከሆነ ዕውቅናውን አጣሪ። ሁሉም እውነት ነው። እሷን ሳይ ግን ከውጭ የሚመጣው ድምፅ ላይ አንድ ድምፅ መጨመር ሆኖ ታየኝ። ሰው ግራ ሲገባው የምንፈራው እኛ ነን መሰለኝ፤ ፍርሃታችንን በምክር እናስታግሳለን፣ የተመከረውም ልጅ እኛ እንድናርፍ ብሎ አንዱን ይቀበላል።

"አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። መልሱን ፈለገችው፤ ዓይኗ ክፍሉን ዞረ። ብዙ ቆየች፤ እኔም አላቻኮልኳትም።

"አላውቅም አክስቴ" አለች።

ውጤቱ ከመጣ ጀምሮ በዚያ ቤት ሰው ሁሉ ሲያውቅ ነበር የዋለው። በሩን ዘጋሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ።